መንኮራኩሯን ያዘዝኩ ዕለት

ሰማይ ወጥቼ አውቃለሁ ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። እውነቴን ነው። የወጣሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው የሲኒማ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሳሙና ካርቶንና ከአሮጌ ቆርቆሮ በተሠራች መንኮራኩር ነው። ስወጣ ጭንቅ ይዤ ነበር፤ ስወርድ ጭንቁ አልነበረም። እንዴት እንደሆነ ከሥር ከመሠረቱ ላጫውታችሁ።

ጊዜው ጃንሆይ በዙፋናቸው ያሉበት፣ ሰው ጨረቃን ረገጠ የሚለው ወሬ በራዲዮ ከተሰማ ገና ብዙ ያልቆየበት ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ወሬውን አምነን ስንከራከር ትልልቆቹ ይታዘቡን ነበር። የሰፈራችን ቄስማ፣ ጨረቃን ትናንት ማታ ደህና አድርገው እንዳዩዋትና ማንም እንደሌለባት ተናግረው ነገሩን ዘግተውት ነበር።

እኔ አበራሽ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። ያሳደገችኝ እናቴ ዘነቡ ናት። የሆስፒታሉን አንሶላ ታጥብ ስለነበር ጣቶቿ ሁልጊዜ የነጡና የተጨማደዱ ነበሩ። ዘመድ የሚባል ወደ እኛ አይመጣም፣ እኛም ወደ ማንም አንሄድም። አገሯን ሲጠይቋት «ሩቅ ነው» ትልና ወሬ ትለውጣለች። እኔም ልጅ ሳለሁ ጠይቄ ጠይቄ ሲሰለቸኝ ትቼው ነበር።

በዚያው ዓመት ታጭቼ ነበር። እጮኛዬ ጌትነት አዘዞ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ሽማግሌዎች መጥተው ዘር ሲጠይቁ እናቴ የአባቴን ወገን አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው፤ የራሷን ግን ዘለለችው። እነሱም የልጅቷ አባት ጨዋ ከሆነ ይበቃናል ብለው አልገፉበትም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የቀረው የጌትነት አባት አያ ፈንታ ከጠዳ መጥተው እኔንና እናቴን በዓይናቸው ማየታቸው ብቻ ነበር። አያ ፈንታ ገበሬ ናቸው። ስለ እሳቸው የሰማሁት ከአፋቸው ቃል የማይወጣ፣ ከወጣም የማይመለስ ሰው ናቸው የሚል ነው። ለመምጣት የመረጡት ቀን ደግሞ ተውኔታችን የሚታይበት ቅዳሜ ሆነ።

ተውኔቱን የጻፈው መምህር ሰሎሞን ነው። ከአዲስ አበባ ለአንድ ዓመት ሊያስተምረን የተላከ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ምድር ለኑሮ አልመች ስትል ሀብታሞች አንዲት ትልቅ መንኮራኩር ገዝተው ወደ ሌላ ኮከብ ይሰደዳሉ። ላይኛው ክፍል ውስጥ ጌቶቹ ተቀምጠዋል። ታች ያሉት፣ እሳቱን የሚቆሰቁሱትና ዕቃውን የሚሸከሙት፣ የተገዙ ባሮች ናቸው። መንገድ ላይ አየር ማጠር ይጀምራል። የመንኮራኩሯ ባለቤትና ሚስቱ ለራሳቸው እንዲተርፋቸው የታችኛው ክፍል አየር እንዲዘጋ ይጠይቃሉ። መዝጋትም መክፈትም የሚችለው አዛዡ ብቻ ነው።

ጌቶች የሚሆኑት ፊታቸውን ዱቄት፣ ባሮች የሚሆኑት ከሰል ይቀባሉ። የባሮቹ አለቃ ሆኖ የሚጫወተው ደምሴ የሚባል የክፍላችን ልጅ ከሰሉን ሲፈጭ አየኝና፣ ለአበራሽ ከሰል ማባከን አያስፈልግም ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥቁር መሆኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግሩኝ ስለኖሩ ለምጄዋለሁ።

መምህሩ ግን ባሪያ አላደረገኝም። ሁላችንንም መድረክ ላይ እያቆመ ራሱ በሩ ጋ ሆኖ ሰማን። የእኔ ድምፅ በሩ ድረስ ይደርሳል ብሎ አዛዥ አደረገኝ። ወንዶቹ ተንጫጩ። ሴት እንዴት ወንድ ታዛለች፣ ሰው ይስቅብናል አሉ። እሱም እዚያ ላይ ማን ማንን እንደሚያዝ ገና ማንም ሕግ አላወጣም ብሎ ዝም አሰኛቸው። አዘዞ ካለ ጋራዥ የአሮጌ ማኪና መሪ ተለምኖ መጣልኝ። ያን መሪ በሁለት እጄ ስጨብጥ የተሰማኝ ኩራት እስካሁን አይረሳኝም።

የባለቤቱን ሚስት የምትጫወተው የሺመቤት የቁስቋም ልጅ ናት። አያቷ እመት ጥሩነሽ በከተማው የታወቁ ትልቅ ወይዘሮ ነበሩ። ለመድረኩ ምንጣፍ ያዋሱን፣ ለክብር እንግድነትም የተጠሩት እሳቸው ናቸው። የሺ እስከዚያ ሳምንት ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ረቡዕ ልምምድ ላይ ግን ጽሑፉን እንደያዘች ዝም አለች። በጽሑፉ መሠረት አዛዡን አንቱ እያለች መለመን ነበረባት። መምህሩ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት እኔን ሳታይ ተናገረች።

«እኔ ለእሷ አንቱ አልልም። ማን ማን እንደሚጫወት ትናንት ለአያቴ ስነግራቸው ነው የሰማሁት። እናቷ የቤታችን ባሪያ ነበረች።»

ሁሉም እኔን አየ። ደምሴ ከሰል በያዘ እጁ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆመ። ውሸት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እናቴ «ሩቅ ነው» ስትል የምታሳየው ፊት ድቅን አለብኝና አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ልምምዱ ተበተነ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ቢሮ አስጠራኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ወንበር ሰጠኝ። የክብር እንግዳዋ እንዳይቀየሙ ቦታ ብቀይር እንደሚሻል፣ ታች ካሉት ባሮች መሀል አንዲት ሴት እንዳለች፣ የእሷም ንግግር ሸጋ እንደሆነ፣ ለእኔም እንደሚቀለኝ አስረዳኝ። መምህር ሰሎሞን አጠገቡ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። ነገ እነግርዎታለሁ ብዬ ወጣሁ።

እናቴን ቤት አገኘኋት። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጠየቅኋት። አልካደችም። እንድቀመጥ ነገረችኝና እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ከመተማ ወዲያ ካለው ቆላ፣ ገና ጥርሷን ሳትነቅል ነው የወሰዷት። እናቷን የምታስታውሰው በድምፅ ብቻ ነው፤ መልኳ ጠፍቶባታል። ቁስቋም እመት ጥሩነሽ ቤት የገባች ዕለት ዘንቦ ስለነበር ዘነቡ አሏት። ከዚያ በፊት የነበራትን ስም ያን ቀን ነገረችኝ። ያን ስም ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የእሷ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የነጻነቱ አዋጅ ሲነገር እሜቴ እዚሁ ኑሪ ቢሏትም በለበሰችው ቀሚስ ብቻ ወጣች። ሆስፒታሉ ሥራ ሰጣት፤ እዚያው ግንብ ይሠራ የነበረው አባቴ አያት። አባቴ ሁሉን እያወቀ ነው ያገባት። ዘመዶቹ በዚህ ምክንያት ቆረጡት። ዘመድ የማይመጣብን ለካ ለዚህ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እኔ ጋ እንዲቆም ብዬ ነው» አለች።

ከዚያ ጌትነት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያውቅም ስላት፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ራሴ እንድነግረው አዘዘችኝ። ስለ ተውኔቱም የዲሬክተሩን ቃል ነገርኳት። እናቴ ተውኔት የሚባል አይታ አታውቅም። አዛዡ ምን እንደሚያደርግ፣ ታች ያሉት ምን እንደሚሆኑ በዝርዝር ጠየቀችኝና አሰበችበት።

«መጨረሻ ላይ አየሩን የሚከፍትላቸው አዛዡ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንቺው ክፈቺላቸው።»

ሐሙስ ጠዋት ለመምህር ሰሎሞን ወይ አዛዥ እሆናለሁ ወይ ከነጭራሹ እቀራለሁ አልኩት። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገር ነበር። ስለ ባሪያ ሲጽፍ የራቀ ነገር እየጻፈ እንደመሰለው፣ የሚያስተምራቸው ልጆች ቤት ይኖራል ብሎ አለማሰቡ እንዳሳፈረው ነገረኝ። ዲሬክተሩ ዘንድ ገብቶ፣ ሰው ለመቀየር ጊዜ የለም፣ አለዚያ ተውኔቱ ይቅር ብሎ ተሟገተ። ግብዣው ተበትኗልና ዲሬክተሩ እሺ አለ። የሺም አልቀረችም፤ አያቷ መድረክ ላይ ሊያዩዋት ይፈልጉ ነበር።

ዓርብ በአውቶቡስ አዘዞ ወረድኩ። ጌትነት የአንድ ገበሬ እግር እያሰረ ነበር፤ እስኪጨርስ ደጅ ቆየሁ። ሲወጣ ሁሉንም ሳላሳጥር ነገርኩት። እየሰማኝ የደረቀ እጁን ደጋግሞ በፎጣ ይጠርግ ነበር።

«በእኔ በኩል የሚለወጥ ነገር የለም» አለኝ መጨረሻ ላይ። «አባቴን ግን ማታለል አልችልም። ነገ ስንመጣ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ። እምቢ ካለ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም ጨርሰው አላልኩትም። ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ፣ ቤተሰቡን ትቶ እኔን ቢወስድ እንደ አባቴ ዘመድ አልባ ሆኖ ይኖራል፣ እኔን ቢተወኝ ደግሞ እናቴ ዕድሜ ልኳን በራሷ ታሳብባለች እያልኩ ሳወጣና ሳወርድ ጎንደር ደረስኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እናቴ ሥራ እንደጨረሰች እመጣለሁ ብላኛለች። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እመት ጥሩነሽ ከፊት፣ ለብቻቸው በመጣላቸው ባለድጋፍ ወንበር ላይ ነበሩ። ከሳቸው በስተኋላ ጌትነት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል ያቆሙ ሽማግሌ ነበሩ። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ይመስል መድረኩን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። አያ ፈንታ ናቸው። እናቴ ግን የለችም።

መጋረጃው ተከፈተ። መጀመሪያ ሰዉ በአዛዥ ባርኔጣዬ ሳቀ። ቀይ አምፑል በርቶ ካርቶኗ መንኮራኩር ስትንቀጠቀጥ ግን ሳቁ ቆመ፤ ከኋላ አንዲት ሴት በስመ አብ ስትል ተሰማኝ። እኔ መሪዬን ይዤ አዝዣለሁ። ወንዶቹም ይታዘዙኛል። አየር ማጠር የጀመረበት ቦታ ስንደርስ የሺ በዱቄት ነጥታ፣ ቀሚሷን እየጎተተች መጣች። ተራዋ ነበር። ለአፍታ አየችኝና፣ «አየሩን ዝጊባቸው፤ አንቺን እኮ ነው» አለች።

ጽሑፉን የማያውቀው ሕዝብ ምንም አልመሰለውም። ወሬው የደረሳቸው ግን ብዙ ነበሩ፤ ከወዲህም ከወዲያም ማንሾካሾክና የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ወዲያው አያ ፈንታ ለጌትነት አንድ ነገር ሹክ ብለው ብድግ አሉ።

ረድፉ በሙሉ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋቸው። ዱላቸው የጣሊያኑን እምነ በረድ እየመታ ቋ፣ ቋ እያለ እስከ በሩ ድረስ ተሰማኝ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ጌትነት ካንገቱ ቀና አላለም። አለቀ አልኩ በልቤ። ቀጥሎ የምናገረው ቃል ከራሴ ውስጥ ጥርግ ብሎ ጠፋ። መምህር ሰሎሞን ከመጋረጃው ጀርባ ያቀብለኛል፤ ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉን ግን አልይዘውም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ ከመድረኩ ሥር፣ ባሮቹ ታጭቀው ከተቀመጡበት ጎድጓዳ፣ የደምሴ ድምፅ መጣ። ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ነው። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አዛዥ፣ እየጠበቅንዎት ነው» አለኝ።

ቁልቁል አየሁ። ከሰል የተቀቡ ፊቶች፣ የክፍሌ ልጆች፣ ሁሉም ወደ እኔ አንጋጠዋል። ከመካከላቸው በልጅነቷ የተወሰደች አንዲት ሴት ልጅ ያየሁ መሰለኝ። ቃሉ መጣልኝ።

«በዚች መንኮራኩር ውስጥ የሚተነፍስ ሁሉ ሰው ነው። ክፈቱት።»

ድምፄ በሩ ድረስ ደረሰ፤ አውቄዋለሁ። ክዳኑ ተነሣና ባሮቹ አንድ በአንድ እየሳሉ መውጣት ጀመሩ። ገና ወጥተው ሳይጨርሱ የአዳራሹ በር ተከፈተና የቀን ብርሃን ገባ። በብርሃኑ ውስጥ አያ ፈንታ በሩን በዱላቸው ደግፈው ቆመዋል። በአጠገባቸው ነጠላዋን አፏ ድረስ ያጣፋች ሴት አለፈች። እናቴ ነበረች። እስከ ፊተኛው ረድፍ ድረስ መርተዋት፣ ከጌትነት አጠገብ በራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጧት። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ጨረሱ።

ደጅ የሆነውን በኋላ ከእናቴ ነው የሰማሁት። ከሥራ ቀጥታ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ የእመት ጥሩነሽን ባለድጋፍ ወንበር አየችና እግሯ አልሄድ አላት። ግድግዳ ታክካ ቀረች። አያ ፈንታ ሲገቡ አይተዋት ማን እንደሆነች አላወቁም ነበር። የሺ ስትናገርና ሰዉ ሲሳሳቅ ጊዜ ግን ጌትነትን የልጅቷ እናት የት እንዳሉ ጠየቁት፤ ደጅ ያየኋት መሰለኝ አላቸው። ለዚህ ነው የወጡት።

«ምነው፣ ልጅዎ ሰማይ ወጥታ እርስዎ ደጅ ይቆማሉ?» አሏት።

«ውስጥ እሜቴ አሉ» አለቻቸው።

«እኔም አለሁ። ይግቡ።»



ተውኔቱ ሲያልቅ ጭብጨባው መካከል እመት ጥሩነሽ ዘወር ብለው እናቴን አዩና ዘነቡ መሆኗን ጠየቋት። እናቴ ነኝ አለች፤ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። አሮጊቷ ትንሽ ተመልክተዋት በየሺ ተደግፈው ወጡ።

ደጅ ስወጣ ባርኔጣዬ በእጄ ነበር። ለአያ ፈንታ እጅ ነሣሁ። የአየሩ ነገር ብዙም እንዳልገባቸው፣ ድምፄ ግን በደንብ እንደሚሰማ ነገሩኝ። እኔም እስካሁን ከየት እንዳገኘሁት በማላውቀው ድፍረት፣ ጌትነት መንገድ ላይ ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ መስሎት ይኸው አንገቱን ደፍቶ ዋለ። እኔ የማስበው ለእህቴ እንዴት እንደምነግራት ነበር፤ አስቸጋሪ ሰው ናት።»

ጌትነት ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ያን ጊዜ ለቀቀው። እኔ ሳቅሁ፤ ሳቁ አልቆም ብሎኝ እንባዬ ወረደ። እናቴም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር።

እህትየው እውነትም አስቸጋሪ ነበሩ፤ ለሠርጉ አልመጡም። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ሲነሣ ግን መጡ፤ ልጁን ከእጄ ነጥቀው ሲያቅፉት ውለው ሄዱ። ከየሺ ጋር ዓመቱን ሳንነጋገር ጨረስነው። ወሬው ከተማውን ስለዞረ አንዳንድ ጎረቤት ሰላምታ ነፈገን፤ አንዳንዱ ደግሞ ዱሮም እናውቅ ነበር አለ። ይኸኛው ነው የገረመኝ። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን ነገሩን የደበቀችው ከሚያውቁት ሰዎች መሀል ሆና ነበር ለካ።

አንባቢዎቼ፣ አያ ፈንታ ባይወጡ ኖሮ ወይም ወጥተው ባይመለሱ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ አማት አይገጥመውም፤ እናቴን አልገጠማትም። ስለዚህ የተደበቀ ነገር ያላችሁ ሁሉ አውጡት፣ ይቀላችኋል ብዬ ልመክራችሁ አልደፍርም። የምነግራችሁ የራሴን ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አገርሽ የት ነው ሲሉኝ አልሸሽም። አባቴ ጎንደሬ ግንበኛ ነው፣ እናቴ ከመተማ ወዲያ ካለ ቆላ ተሰርቃ የመጣች ናት እላለሁ። መጀመሪያ ስለው ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኋላ ለልጆቼም ለተማሪዎቼም ስናገረው ኖርኩ፤ መምህርት ሆኛለሁና።

ያን ቀን ጌትነትና አባቱ ወደ ጠዳ አውቶቡስ ሲሳፈሩ እኔና እናቴ ከፒያሳ ቁልቁል በእግራችን ወረድን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሁልጊዜ ጥግ ጥጉን የምትሄደው እናቴ መሀል መንገዱን ይዛለች። የሰዉ ሰላምታ ግድም አልሰጣት፤ አንድ ነገር እያሰበች ነበር። ሆስፒታሉ አጥር ጋ ስንደርስ ቆም አለች።

«እኔ የገባሁት መሀሉ ላይ ነው። መጨረሻውም ቶሎ አለቀብኝ» አለችኝ። «እነዚያ ሰዎች ኮከቡ ጋ ደረሱ ወይ?»

መምህር ሰሎሞን ያን አልጻፈውም ነበር። እኔ ግን ደረሱ አልኳት። ከዚያም የደረሱበት አገር ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ፤ ቤት እስክንገባ ድረስ እየፈጠርኩ ነገርኳት።